የዝንጀሮ ራስና የአራዳ መስኮት

ባለፈው ክረምት ምናለሽ ተራ አንድ መስኮት አየሁ። መስኮት ስል ከነቤቱ አይደለም፤ ቤቱ የለም። ሁለት ክንፍ ያለው፣ ላይኛው ጫፉ እንደ ቀስት የጎበጠ፣ መቃኑ ጽድ፣ ክፈፉ እንደ ዳንቴል የተፈለፈለ መስኮት በአሮጌ በርሜልና በተጣመመ ብረት መኻል ጭቃው ላይ ተጋድሟል። ከስድስቱ መስታወት የቀሩት ሁለት ናቸው። ሻጩ ልጅ ዓይኔን ተከትሎ መጣና «ለማገዶ ከሆነ በርካሽ እሰጥሃለሁ፤ ደረቅ ነው፤ ጭስ የለውም» አለኝ። ከየት እንዳመጣው ስጠይቀው «ከፒያሳ ነዋ፤ ከፈረሰው» አለ። ከየትኛው ቤት? ከማን ቤት? ይኼን አያውቅም። ለምንስ ያውቃል? እሱ የገዛው እንጨት ነው። የአባት ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ የሚለው ተረት ትዝ አለኝና በልጁ መፍረድ አልሆነልኝም፤ ቢያንስ እሱ እንጨቱን ከዝናብ አውጥቶታል።

የታሪክ ተማሪ ነኝና ነገሩ ከነከነኝ። እኛ ክፍል ውስጥ ስለ ሰነድ ስንማር ሰነድ ማለት ወረቀት ይመስለናል፤ ብራና፣ ደብዳቤ፣ ማኅተም ያለበት ነገር። ነገር ግን ጽሑፍ የማያውቅ ሰው የጻፈው ሰነድም አለ። አናጢው በመሮ የጻፈው ነው። ንጉሡ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ነበረው፤ መኳንንቱ ደብዳቤ የሚጽፍላቸው ነበራቸው፤ አናጢው ያለው መስኮቱ ብቻ ነው። መስኮቱ ማገዶ ሲሆን አናጢው ሁለተኛ ይሞታል።

ይኼን ስናገር ዶርም ውስጥ የምንከራከረው አንድ ወዳጄ አለ። «የመሳፍንት ቤት ቢፈርስ አንተን ምን ቆጨህ? አያትህ እዚያ ቤት ከደጅ ጥናት በስተቀር ምን አይተው ያውቃሉ?» ይለኛል። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። አያቴ በእርግጥ እንዲህ ባለ ቤት ገብተው በወንበር ተቀምጠው አያውቁም። ቢሆንም እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ቤቱን የሠራው ማነው? ጽዱን ከጫካ የጎተተው፣ ጭቃውን በእግሩ የረገጠው፣ መቃኑን የላገው ማነው? መኮንኑ ኖረበት እንጂ አልሠራውም። ቤቱን የመኮንኑ ብቻ አድርገን ካፈረስነው፣ መኮንኑን ተቃወምን ብለን የሠራተኛውን እጅ ቆረጥን ማለት ነው። ወዳጄ በዚህ አልተረታም፤ ክርክሩም እንደ ቀጠለ ነው። እኔ ግን በዚህች ጽሑፍ ከሱ ይልቅ ላንባቢ ልናገር።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። አክሱም ሄዶ ሐውልቶቹ ሥር የቆመ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቁመታቸውን ነው። ወድቆ የተሰባበረው ትልቁ 33 ሜትር ያህል ነው፤ በ1997 ዓ.ም. ከሮም ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. እንደገና የቆመው ደግሞ 24 ሜትር ያህል። ቁመቱ ያስደነግጥና ዝርዝሩን ያስረሳል። ዝርዝሩን ልብ ያለ ሰው ግን ሐውልቱ ፎቅ ቤት መሆኑን ይረዳል። ከታች በር አለው፤ ከበሩ በላይ መስኮት በደርብ በደርብ ተደርድሯል፤ በደርቦቹ መኻል የአግዳሚ እንጨት ጫፎች ክብ ክብ ሆነው ወጥተዋል። እነዚህን ጫፎች አገሬው የዝንጀሮ ራስ ይላቸዋል። ይኼ ሁሉ እኮ ድንጋይ ነው! እንጨት አንድም የለበትም። ድንጋይ ጠራቢው አናጢውን ቀድቶታል ማለት ነው፤ ከቅጂው ተነሥተን ዋናው እንዴት ያለ እንደ ነበር እንገምታለን። ዋናው በስብሷል፤ ነዷል፤ ቅጂው ቆሟል።

ላሊበላም ያው ነው። ቤተ አማኑኤል ከአንድ አለት የተፈለፈለ ሆኖ ሳለ ግድግዳው አንድ ረድፍ ወጣ፣ አንድ ረድፍ ገባ እያለ እንጨትና ድንጋይ የተፈራረቁበት ይመስላል። አለት አግዳሚ አያስፈልገውም፤ መስኮቱም በአራት ማዕዘኑ የእንጨት ጫፍ እንዲያወጣ የሚያስገድደው ነገር የለም። ታዲያ ለምን ቀረጹት? የኔ ግምት ቀላል ነው፤ ለዚያ ዘመን ሰው እንጨት የሌለበት ቤት ቤት አይመስለውም ነበር። እውነተኛውን እንጨት ማየት የፈለገ ደግሞ ከላሊበላ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ተጉዞ ይምርሐነ ክርስቶስ ይሂድ። ዋሻ ውስጥ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ጥቁሩ እንጨትና ነጩ ልስን ረድፍ በረድፍ ይፈራረቃሉ፤ በመስኮቶቹ ላይ መስቀልና ሐረግ ተፈልፍሏል። ያን ያህል ዘመን የቆየው ተአምር ሆኖ ሳይሆን ዋሻው ጃንጥላ ስለ ሆነለት ነው። ዝናብ አልነካውም። የእንጨት ጠላቱ ጊዜ ሳይሆን ውኃ ነው፤ ይኼን ነገር ያዝልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ደብረ ዳሞ እንሂድ፤ ልቤ ያለው እዚያ ነውና። ትግራይ ውስጥ ዙሪያውን ገደል በሆነ አምባ ላይ ያለ፣ አቡነ አረጋዊ በስድስተኛው መቶ ዓመት መሠረቱት የሚባል ገዳም ነው። በገመድ ተንጠልጥለው ይወጡታል። ሴት እንዲወጣ አይፈቀድም፤ ስለዚህ ይኼን መጽሔት ከምታነቡት ግማሻችሁ ልታዩት የምትችሉት በሥዕልና በፎቶግራፍ ብቻ ነው። ይኼም ወደ ኋላ ይጠቅመናል።

የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ እንዲህ ነው የሚሠራው። ድንጋይ በጭቃ እየተካበ ይወጣና ጥቂት ከፍ ሲል በውስጥም በውጭም ፊት ረጃጅም እንጨት ይጋደማል። ከዚያ ግድግዳውን አቋርጠው የሚያልፉ አጫጭር እንጨቶች በነዚህ ላይ ይቀመጣሉ፤ ቦርቡረው ያስቀምጧቸዋል፤ ሁለቱን አግዳሚዎች ነክሰው ይይዛሉ። የነዚህ ጫፍ ነው ወጣ ብሎ የሚታየው፤ የዝንጀሮ ራስ። ስለዚህ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ሥራ አለው። ድንጋይና ጭቃ ወደ ውጭ ልንድ ሲል ጥርሱን ነክሶ የሚይዘው እሱ ነው። በር መቃንና መስኮት ላይም እንዲሁ በየማዕዘኑ አራት ማዕዘን ጫፎች ይወጣሉ። ከመግቢያው ክፍል በላይ ያለው የእንጨት ኮርኒስ ደግሞ ሰሌዳ በሰሌዳ ሆኖ አንበሳ፣ ዝሆን፣ ግመል፣ ሌላም ብዙ እንስሳ ተቀርጾበታል።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ግድግዳ ሲታመም ምን ይደረጋል? እንጨቱ ከበሰበሰ ድንጋዩ መንሸራተት ይጀምራል። አንዱን አግዳሚ ብቻ መዞ ማውጣት አይቻልም፤ ከላዩ ያለው ሁሉ ይከተላልና። በ1940 ዓ.ም. ገደማ ዴሬክ ማቲውስ የሚባል እንግሊዛዊ የሕንፃ ባለሙያ የደብረ ዳሞን ቤተ ክርስቲያን ሲጠግን ያጋጠመው ይኼው ነበር። ያደረገውን ተመልከቱ፤ የታመመውን ግድግዳ አፈረሰና በዚያው በእንጨትና በድንጋይ ስልት መልሶ ሠራው። በዚያ ዘመን ሲሚንቶ የዘመናዊነት ምልክት ነበር፤ ሲሚንቶ አፍስሶ «ተጠግኗል» ብሎ መሄድ ይችል ነበር። አላደረገውም። ማቲውስ ከጣሊያናዊው ከአንቶኒዮ ሞርዲኒ ጋር ሆኖ የሕንፃውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1959 አሳተመው። ዛሬ ያ ግድግዳ አዲስ ነው ወይስ አሮጌ? እንጨቱ አዲስ ሊሆን ይችላል፤ ስልቱ ግን ጥንታዊ ነው። ጃፓኖች የኢሴን መቅደስ በየሃያ ዓመቱ እንደገና ይሠሩታል፤ ማንም «አዲስ ነው» ብሎ አይንቀውም፤ የሚጠብቁት እንጨቱን ሳይሆን እጁን ነውና። እ.ኤ.አ. በ1994 ናራ ከተማ ላይ የተሰበሰቡት የቅርስ ሊቃውንት የአንድን ቅርስ እውነተኛነት በየባህሉ መመዘን ይገባል ወደሚል ስምምነት የደረሱት እንዲህ ያለውንም ነገር አይተው ነው።

ተቃራኒውን ለማየት ላሊበላ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ፍሳሽ ይከላከላል ተብሎ የአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ገላ ሬንጅ ተቀባ፤ በላዩም ቀይ ቀለም ተለቀለቀ። ያሰቡት ለደግ ነው። ግን ድንጋይም እንደ ሰው ይተነፍሳል፤ የገባው እርጥበት መውጫ ሲያጣ ከውስጥ ይበላዋል። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሳንድሮ አንጀሊኒ የሚመራው ቡድን መጥቶ ያን ሬንጅ ማስለቀቅ ግድ ሆነበት። የመጀመሪያው ጠጋኝ ያጠፋውን ሁለተኛው ጠጋኝ ሲያጥብ ኖረ ማለት ነው። ጥገና የሚባለው ነገር ከመፍረስ የማይተናነስ ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ይኼ ጉዳይ የኛ አገር ብቻ አይደለም። አውሮፓም በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ተፋጅተውበታል። ፈረንሳዊው ቪዮሌ ለ ዱክ ሕንፃን ሲያድስ ኖሮበት ወደማያውቅ ምሉዕነት እንኳ ቢሆን ልመልሰው ባይ ነበር፤ እንግሊዛዊው ጆን ራስኪን ደግሞ እድሳት የሚባለው ውሸት ነው፣ ተንከባክበህ አኑረው እንጂ አታድሰው ባይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1877 ዊልያም ሞሪስና ጓደኞቹ ለዚሁ ዓላማ ማኅበር አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ1964 ቬኒስ ላይ የወጣው ቻርተር በሁለቱ መኻል አስታረቀ ማለት ይቻላል፤ ግምት በሚጀምርበት ላይ እድሳት ይቁም፣ የጎደለው ሲተካ ከቀረው ጋር ይስማማ፣ ግን አዲስነቱ ለሚመረምር ሰው ይለይ ይላል። እኔ ራስኪን ቢያናድደኝም አደምጠዋለሁ። የሱ አባባል በድሃ አገር ይሠራል፤ በየዓመቱ ጣሪያ ላይ ያለችውን አንዲት ቀዳዳ መድፈን ከሃያ ዓመት በኋላ ሙሉ ቤት ከማደስ ይረክሳላ።

ወደ አራዳ እንውረድ።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከድንኳንና ከሣር ክዳን ጎጆ ያለፈ ብዙ ነገር አልነበራትም። ጎጆ መስኮት የለውም፤ ብርሃን በበር ይገባል፣ ጭስ በሣሩ ይወጣል። መስኮት ወደ ከተማዋ የመጣው ከቆርቆሮና ከመስታወት ጋር ነው። የምድር ባቡሩ ድሬዳዋ ላይ ከደረሰ በኋላ፣ ይልቁንም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ዕቃ በዛ። ከሕንድ የመጡ ግንበኞችና አናጢዎች በረንዳውንና የተፈለፈለውን ክፈፍ አመጡ፤ አርመኖች የራሳቸውን ጨመሩ፤ ከነሱ አንዱ ሚናስ ኬርቤኪያን በከተማይቱ ብዙ ቤትና ድልድይ የሠራ ሰው ነው። ግድግዳው ግን ያገሬው ጭቃና ማገር፣ እንጨቱ ያገሬው ጽድና ዝግባ፣ የሚያቦካውና የሚልገውም ያገሬው ሰው ነበር። ሠራተኛ ሰፈር የሚባለው ስም ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ባለ እጆች የሰፈሩበት ስለ ሆነ ነው። ባለ እጅ ይሰደብ፣ ቡዳ ይባል በነበረበት ዘመን ነው ይኼ ሁሉ። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው ይቀጣል ብለው አዋጅ ማስነገር አስፈልጓቸዋል፤ አዋጅ ያስፈለገው ስድቡ ስለ በዛ ነው።

ከዚህ ቅልቅል የተወለደው ቤት በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የለም። ሕንድ ውስጥም የለም፤ አርመንም የለም። ከመሬት ከፍ ያለ፣ ዙሪያውን ሰፊ የእንጨት በረንዳ ያለው፣ ጣሪያው ቀጥ ብሎ የወጣ፣ የጣሪያው ጠርዝ በተፈለፈለ ሳንቃ የተከበበ። ሐረርም ዘመዶቹ አሉ፤ የሬምቦ ቤት የሚባለው ባለ ቀለም መስታወት መስኮት ያለው የእንጨት ቤት አንዱ ነው። (ሲያልፍ ልበል፤ ገጣሚው በዚያ ቤት አልኖረም፤ እሱ እ.ኤ.አ. በ1891 ሲሞት ቤቱ ገና አልተሠራም፤ ያሠራውም ሕንዳዊ ነጋዴ ነው። ስሙ ውሸት፣ መስኮቱ እውነት ነው። ቤቱን ከመፍረስ ያዳነው ግን ውሸቱ ነው ይባላል፤ እንዲህ ያለ ውሸት ለአራዳ ቤቶችም ባዘዘልን!)

ታዲያ ይኼ ቤት ምን አገኘው? ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ሆነ። ቤት ያልነበረው ሰው ቤት አገኘ፤ ይኼን ማቃለል አልፈልግም። በአንድ መኮንን ቤት ስድስት ሰባት ቤተሰብ ገባ። ኪራዩ ትንሽ ነው፤ በትንሽ ኪራይ ቀበሌው ጣሪያ ሊያድስ አይችልም፤ ተከራዩም ቤቱ የኔ አይደለም ብሎ አያድስም። ልጅ ሲበዛ በረንዳው በቆርቆሮና በኮምፔንሳቶ ተጋርዶ ክፍል ሆነ። በረንዳው ሲጋረድ መስኮቱ ወደ ጨለማ ማየት ጀመረ። ማንም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቤቱ ግን አርባ ዓመት ሙሉ ማንም ሳይጠግነው ተቀመጠ። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል ብዙዎቻችን ገና ልጆች ነበርን፤ ሰዉ ግን እንዴት እንዳለቀሰ አስታውሳለሁ። በአሮጌ እንጨት ቤት ላይ እሳትም ተጨማሪ ጠላት ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ሥራ የፒያሳ ብዙው ክፍል ፈረሰ። አንዳንድ ቤቶች በቅርስነት ተለይተው ቀርተዋል፤ በ2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ ሲከፈት የምኒልክ ግቢ ቤቶች ከነእንቁላል ቤቱ ታድሰው ለሕዝብ መታየታቸውም መልካም ነገር ነው። ግን የንጉሥ ቤት ሁልጊዜም ጠጋኝ አያጣም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ንጉሥ ያልኖረበት ነው።

ያደግሁት እንዲህ ባለ ቤት ጓሮ ስለሆነ ነገሩን በዓይኔ አይቻለሁ። እማማ የምንላቸው ጎረቤታችን የፊት ለፊቱን ክፍል ይዘው ይኖሩ ነበር። አንድ ዓመት ቤቱን የሚያድሱ ሰዎች ተልከው መጡ፤ ከየት እንደ ሆነ ይቅር። ጭቃውን ግድግዳ በሲሚንቶ ለሰኑት፤ መስኮቶቹን ነቅለው አሉሚኒየም ገጠሙ፤ ውጪውን ቢጫ ቀቡት። ፎቶግራፍ ተነሣ፤ ተጨበጨበ። እማማ ግን መስኮቶቻቸውን አላስወሰዱም፤ አልጋቸው ሥር አስገቧቸው። ሦስት ክረምት እንዳለፈ ሲሚንቶው መሰንጠቅ ጀመረ፤ በስንጥቁ የገባው ውኃ እንደ ድሮው በጭቃው በኩል መድረቅ አልቻለም፤ በአራተኛው ዓመት የማዕዘኑ ምሰሶ ከሥሩ ተቆርሶ ወደቀ። ሲታይ እንደ ቂጣ ሆኗል፤ በጣት ይፈረፈራል። ላሊበላ ላይ ሬንጅ ያደረገውን አራዳ ላይ ሲሚንቶ አደረገው። እንጨትና ጭቃ እርስ በርሳቸው ይግባባሉ፤ ሲሚንቶ ግን ቋንቋቸውን አያውቅም።

ምሰሶውን የተካው የሰፈራችን አናጢ ነው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። በዚያን ጊዜ እማማ ከአልጋ ሥር ያሉትንም መስኮቶች አወጡላቸው። የጋሼን ሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ ቁጭ ብዬ አይቻለሁና ላውራችሁ፤ ከብዙ መጻሕፍት የተሻለ ትምህርት ነበር።

መጀመሪያ መስኮቱን ጠረጴዛ ላይ አጋድመው በመዶሻ እጀታ ቀስ እያሉ አንኳኩት፤ እንደ ሐኪም። ጤነኛው እንጨት ይጮኻል፤ የታመመው ዝም ይላል። የታመመው ታችኛው አግዳሚና የሁለቱ ቋሚዎች እግር ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ውኃ የሚያርፈው እዚያ ነዋ። «አየህ?» አሉኝ፣ «ከመቶ እጅ ዘጠናው ጤነኛ ነው። ሰው እግሩን ቢታመም ሰውየውን ትጥለዋለህ?» ከዚያ የቀለሙን ድርብ በጥንቃቄ ፋቁ። ከላይ ቢጫ፣ ከሥሩ ሰማያዊ፣ ከሥሩ ሌላ አረንጓዴ፣ መጨረሻ ላይ ቡናማ። አራት ዘመን ማለት ነው፤ የትኛው ንጉሥ፣ የትኛው መንግሥት እንደ ሆነ እየተሳሳቅን ቆጠርነው። መጋጠሚያዎቹ ላይ አንድም ምስማር የለም፤ አንዱ እንጨት ምላስ አውጥቶ በሌላው ጉድጓድ ገብቶ በእንጨት ችንካር ተሰክቷል። ችንካሩን በወዲያኛው በኩል መታ መታ ሲያደርጉት ወጣ። ያን የሠራው ሰው አንድ ቀን ሌላ አናጢ ይፈታዋል ብሎ አስቦ ነው የሠራው። አሉሚኒየሙን ግን ማንም አይፈታውም፤ ሲሰበር ይጣላል።

የበሰበሰውን እግር አግድም ሳይሆን አሾልከው ቆረጡት፤ ውኃው በመጋጠሚያው ላይ እንዳይተኛ ነው። የሚቀጠለውን ጽድ ያገኙት ከወደቀው ቤት ወራጅ ነው፤ አዲስ የተቆረጠ እንጨት ገና ስላልደረቀ ይጣመማልና አሮጌን በአሮጌ ይሻላል አሉ። የእንጨቱ ጅማት በአንድ አቅጣጫ እንዲሄድ ሦስት ጊዜ አገላበጡት። ማጠፊያዎቹን በጋዝ ዘፍዝፈው ዝገቱን አለቀቁ። የቀሩትን መስታወቶች አውጥተው ሲያስቀምጡ ወደ ብርሃን አንሥቼ አየሁ፤ የውኃ ገጽ ይመስል ይንቀጠቀጣል፤ በዚያ ሲታይ ወዲያ ማዶ ያለው ግንብም ይጨፍራል። መጨረሻ ላይ እንጨቱን የተልባ ዘይት አጠጡት፤ ሁለት ቀን ጠጣ። የተቀጠለበትን ስፍራ ለመደበቅ ግን አልሞከሩም። ለምን ብላቸው «የኔን ሥራ በሱ ስም ለምን አስጠራለሁ?» አሉኝ። ቬኒስ የሚባል አገር ላይ ስለ ወጣ ቻርተር ነገርኳቸው። ሳቁ።

አንድ ነገር ደግሞ ጋሼ አጥብቀው ነገሩኝ፤ መስኮቱን ያኖረው በረንዳው ነው። ሰፊው ጣሪያ ዝናቡን ያርቅለታል። ዋሻው ለይምርሐነ ክርስቶስ፣ በረንዳው ለአራዳ መስኮት አንድ ናቸው። ቤቱን «እናድሳለን» ብለው በረንዳውን ቆርጠው መስኮቱን ቢያኖሩት መስኮቱ ለሰልፍ የወጣ ወታደር ሆነ ማለት ነው፤ ጃንጥላ የለውም።

ሌላው የሚያከራክረኝ «ወደ ድሮው ይመለስ» የሚለው ቃል ነው። የቱ ድሮ? እኛ በየቀኑ የምናልፍበትን ስድስት ኪሎን ተመልከቱ። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበረ፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተጣለው እዚያው ግቢ ነው፤ የታኅሣሥ 1953 ግርግር ሹማምንት የተገደሉት እዚያው ነው፤ ከዚያ በ1954 ዓ.ም. ንጉሡ ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት፤ ዛሬ ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም አለው። ከፊት ለፊቱ ጣሊያኖች በፋሽስት ሥልጣን ዓመታት ልክ የደረደሩት፣ ወደ የትም የማይወስድ የሲሚንቶ ደረጃ ቆሟል። «ወደ ድሮው ይመለስ» ካልን ደረጃው መፍረስ ነበረበት። አላፈረሱትም፤ ከነጻነት በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ አስቀመጡበት። ጠላት የጻፈውን አረፍተ ነገር ሳይሰርዙ መጨረሻውን እነሱ ጻፉት። ከዚህ የተሻለ እድሳት አይቼ አላውቅም። የእማማ መስኮት አራት ቀለምም እንዲሁ ነው፤ ጋሼ በአንዱ ማዕዘን መዳፍ የሚያህል ስፍራ ሳይፍቁ ትተውታል፤ አራቱም ይታያሉ።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። የጥንታዊ ቅርሶች አዋጅ እ.ኤ.አ. በ1966 ወጥቷል፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ደግሞ ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ በዝርዝር ይናገራል። ሕጉ የሚጠብቀው ግን የተመዘገበውን ነው። ያልተመዘገበ ቤት በሕግ ዓይን እንጨትና ጭቃ ነው፤ ምናለሽ ተራ ያለው ልጅ እንዳለው። ለመመዝገብ ደግሞ መጀመሪያ ማን ይለካው?

እዚህ ላይ ነው ወደ ደብረ ዳሞ የምመለሰው። እ.ኤ.አ. በ1906 በኤኖ ሊትማን የሚመራ የጀርመን ቡድን አክሱም መጥቶ ነበር፤ በውስጡ ቴዎዶር ፎን ሉፕከ የሚባል የሕንፃ ባለሙያ ነበረበት። በዚያ ጉዞ ደብረ ዳሞንም፣ አስመራ የነበረችውን በዚሁ ስልት የተሠራች አሮጌ ቤተ ክርስቲያንም ለክተው ነደፉ፤ መጽሐፋቸው እ.ኤ.አ. በ1913 ወጣ። የአስመራዋ ቤተ ክርስቲያን በኋላ ፈረሰች። ዛሬ የት አለች? እዚያ ንድፍ ውስጥ። ደብረ ዳሞ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ መደብደቡና መዘረፉ ተዘግቧል፤ ነገ አንድ ማዕዘኑ ቢጎድል የዝንጀሮ ራሱ ስንት እንደ ነበረ፣ በምን ያህል ርቀት እንደ ተቀመጠ የሚናገር ወረቀት አለ። ለአራዳ ቤት ግን ሉፕከ አልመጣለትም። እንግዶች የኛን ቤት እስኪለኩልን የምንጠብቅበት ምክንያትም አይታየኝም፤ ሜትርና ራፒዶግራፍ የያዘ ተማሪ ይበቃል።

ከጥር ወዲህ ሦስት ሆነን ጀምረናል፤ ከመሐንዲስ ተማሪዎች አንዲት እኅታችን ንድፉን ታስተምረናለች፤ እኔ ባለቤቶቹን እየጠየቅሁ ታሪኩን እጽፋለሁ። ደብተራችን ውስጥ እስካሁን ዐሥራ አንድ መስኮት፣ አራት በርና አንድ የደረጃ መደገፊያ አለ። ከምናለሽ ተራ ያየሁትንም ገዝቼዋለሁ፤ ዶርም ውስጥ አልጋዬ ሥር ነው፤ ጋሼ ማዕዘኑን አይተው የአንድ እጅ ሥራ ነው፣ የእማማን መስኮት የሠራው ሳይሆን አይቀርም ብለውኛል። በሚመጣው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሠራተኛ ሰፈር አንድ ቤት እንገባለን፤ ባለቤቱ ከሰኔ በፊት ኑ ብለውናል፤ ከዚያ በኋላ መኖሩን አላውቅም አሉ። መሰላል ከሰፈር እንዋሳለን። ሜትር ያለው ሰው ይዞ ይምጣ፤ የኛ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳንቲ ሜትር ጠፍተዋል።